የሰብዉፈር ልኬት በአሮጌ የሲኒማ ድምፅ ማቀናበሪያዎች

በሲኒማ አዳራሽ ውስጥ የነጎድጓድ ወይም የፍንዳታ ድምፅ ሲለቀቅ ከጆሯችን ይልቅ ደረታችን ቀድሞ የሚያውቀው ይመስለናል። ይህን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ሰብዉፈር የተባለው ስፒከር ሲሆን፣ በሲኒማ ውስጥ የሥራ ክልሉ በግምት ከ25 እስከ 120 ኸርዝ ነው። መጠኑ ሲበዛ የተዋናዮቹን ንግግር ይውጠዋል፤ ከዚያም አልፎ ስፒከሩ ራሱ ሊቃጠል ይችላል። ሲያንስ ደግሞ ፊልም ሠሪዎቹ ያሰቡት ድምፅ ለተመልካቹ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ መጠኑ በጆሮ ግምት ሳይሆን በልኬት ሊወሰን ይገባል። ለመሆኑ ልኬቱ የተሳሳተ ሲመስል መንስኤውን እንዴት እናገኘዋለን?

እንደ ዶልቢ ሲፒ50 ያሉት የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የድምፅ ማቀናበሪያዎች የተሠሩት በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ጠርዝ ላይ በብርሃን የተቀረጸውን አናሎግ ድምፅ ለማንበብ ነበር። በዚያ ቅጂ ላይ ለሰብዉፈር የተለየ ቻናል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» በዶልቢ ዲጂታል ሲቀርብ ግን ለወፍራም ድምፆች ብቻ የተመደበ ቻናል አብሮ መጣ። በዚህ ጊዜ አሮጌው መሣሪያ ሳይጣል ዲጂታል ማንበቢያና የሰብዉፈር መሥመር የተጨመረበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ዛሬም የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚያሳዩ ሰዎች እንዲህ የተሻሻሉ መሣሪያዎችን ሲጠግኑ ይታያሉ። ችግሩም በአብዛኛው የሚደበቀው አሮጌውና አዲሱ በተጋጠሙበት ቦታ ነው።

ለልኬት የሚያገለግለው ምልክት ፒንክ ኖይዝ ይባላል። ይህ እንደ ፏፏቴ የሚሾኽ ድምፅ በእያንዳንዱ ኦክታቭ፣ ማለትም በእያንዳንዱ የድግግሞሽ እጥፍ ውስጥ፣ እኩል ኃይል አለው። የድምፅ መቆጣጠሪያው በ7 ላይ ሆኖ ከመጋረጃው ጀርባ ያሉት ስፒከሮች አንድ በአንድ 85 ዴሲቤል (በሲ ሚዛን) እንዲያሰሙ ይደረጋል። የዲጂታሉ ሰብዉፈር ቻናል ደግሞ በራሱ የድግግሞሽ ክልል ውስጥ ከእነዚህ በ10 ዴሲቤል፣ ማለትም በኃይል በ10 እጥፍ፣ እንዲበልጥ ይፈለጋል።

ታዲያ የድምፅ መለኪያው 95 ማሳየት አለበትን? የለበትም። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ 10 ያህል ኦክታቮች ሲኖሩ፣ ከ25 እስከ 120 ኸርዝ ያሉት ግን 2.26 ብቻ ናቸው። በክልሉ ጥበት ምክንያት ብቻ የሰብዉፈሩ ጠቅላላ ኃይል በ6.5 ዴሲቤል ያንሳል። ስለዚህ 85 ሲደመር 10 ሲቀነስ 6.5፣ 88.5 ዴሲቤል ይሆናል። በሲኒማ ደንብ የመጋረጃው ስፒከሮች ቀጭን ድምፅ ከ2,000 ኸርዝ በላይ ሆን ተብሎ ስለሚቀነስ ልዩነቱ ጥቂት ይጠብባል፤ በተግባርም ንባቡ ከ89 እስከ 91 ይደርሳል። መለኪያው 95 እስኪያሳይ የሚያጎላ ሰው ከሚገባው በላይ ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ይህም በኃይል ከ2.5 እስከ 4 እጥፍ መሆኑ ነው። አስተማማኙ መንገድ ድምፁን በሲሶ ኦክታቭ ከፋፍሎ በሚያሳይ መሣሪያ፣ ማለትም በስፔክትረም አናላይዘር፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማነጻጸር ነው።

ንባቡ ከዚህ ከራቀ ወደ መሣሪያው እንመለሳለን። አንደኛ፣ ፒንክ ኖይዙ የሚገባበትን ቦታ እንለይ። አሮጌው የኖይዝ ማመንጫ ሰርኩዊት ከተጨመረው የሰብዉፈር መሥመር ጋር ካልተገናኘ ምንም ድምፅ አይሰማም። ከማጣሪያው በኋላ ከገባ ደግሞ ከ120 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ጭምር ስለሚያልፍ ንባቡ በሐሰት ከፍ ይላል።

ሁለተኛ፣ መቆጣጠሪያውን ከ7 ዝቅ እናድርገው። ሰብዉፈሩ ከሌሎቹ እኩል ካልቀነሰ መሥመሩ የተወሰደው ከመቆጣጠሪያው በፊት ነው ማለት ነው፤ ይህ ሳይታረም የሚደረግ ልኬት በአንድ ቦታ ብቻ ትክክል ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ያረጁ ካፓሲተሮችን እንጠርጥር። 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ10 ኪሎ ኦም ጋር ሲያያዝ የሚያግደው ከ1.6 ኸርዝ በታች ያለውን ነው። በእርጅና ደርቆ ወደ 0.5 ማይክሮፋራድ ከወረደ ግን ገደቡ 32 ኸርዝ ይደርሳል፤ በዚያም ድግግሞሽ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ንግግሩ ሳይነካ ወፍራሙ ድምፅ ብቻ የሚሞተው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ኖይዙን አጥፍተን ዝምታውን እንለካ። የመብራት መሥመር ድግግሞሽ እንደ እኛ አገር 50 ኸርዝ በሆነበት ሁሉ፣ ከመሬት መሥመር ችግር የሚመጣው ጉምጉምታ በ50ና በ100 ኸርዝ፣ ማለትም በሰብዉፈሩ ክልል ውስጥ፣ ይወድቃል። መለኪያው ግን ጉምጉምታውን ከኖይዙ አይለይም።

አምስተኛ፣ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፒንክ ኖይዝ በባሕርዩ የሚዋዥቅ በመሆኑ የንባቡ አንጻራዊ ስሕተት 1/√(BT) ነው፤ B የክልሉ ስፋት፣ T የመለኪያው ጊዜ ነው። በ31.5 ኸርዝ ላይ ያለው ሲሶ ኦክታቭ ስፋቱ 7.3 ኸርዝ ስለሆነ፣ በ1 ሴኮንድ ልኬት ስሕተቱ 37 በመቶ፣ ማለትም 1.5 ዴሲቤል ገደማ ነው። በ20 ሴኮንድ ግን ወደ 8 በመቶ ይወርዳል።

በመጨረሻ አዳራሹ ራሱ አለ። የ35 ኸርዝ ሞገድ 9.8 ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው ከግድግዳ ተመልሶ ሲደራረብ በአንዱ ወንበር ይጎላል፣ በሌላው ይጠፋል። ስለዚህ ማይክሮፎኑን በአራትና በአምስት ቦታ አስቀምጦ አማካይ መውሰድ ይገባል። ሰብዉፈሩና የመጋረጃው ስፒከሮች አብረው ሲሠሩ በሚገናኙበት ድግግሞሽ ድምፁ ከቀነሰ ደግሞ የሰብዉፈሩን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሮ እንደገና መለካት ነው፤ ትክክለኛው አያያዝ በዚያ ክልል ከፍ ያለ ንባብ የሚሰጠው ነው።

ቅደም ተከተሉ ሊዘነጋ አይገባም፦ መጀመሪያ ዝምታው፣ ቀጥሎ ሰርኩዊቱ፣ ከዚያ አዳራሹ፣ በመጨረሻ የድምፁ መጠን። ከመጨረሻው የሚጀምር ሰው የደረቀውን ካፓሲተር በማጉላት ሊያካክስ ይሞክራል፤ ካፓሲተሩ የተቀየረ ዕለትም ያ ሁሉ ጭማሪ በስፒከሩ ላይ ያርፋል።