የሊኑክስ ዲስትሮ ምርጫ፦ ተረትና እውነታ
ለወልቂጤና ለቡታጅራ የኮምፒውተር ተጠቃሚዎች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና፣ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በመሆኑም በወልቂጤና በቡታጅራ ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች የቆየ ኮምፒውተር ይዞ የሚሠራ ሰው ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ አዲስ መግዛት፣ ወይ ያለውን ይዞ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መፈለግ። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ሊኑክስን እንዲሞክር ይመከራል፤ ነገር ግን “የትኛውን ሊኑክስ?” ሲል የሚያገኛቸው መልሶች አብዛኞቹ ሳይመረመሩ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ ናቸው።

ሊኑክስ በጥብቅ አነጋገር ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ከርነል ነው፤ ከርነል ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ዲስኩንና ሌሎቹን አካላት ከሶፍትዌሮች ጋር የሚያገናኝ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ማለት ነው። ከርነሉ ብቻውን ለዕለት ሥራ ስለማይበቃ፣ የተለያዩ ኩባንያዎችና የበጎ ፈቃደኞች ማኅበራት መጫኛውን፣ ዴስክቶፑን፣ የቢሮ ሶፍትዌሩንና የማሻሻያ ሥርዓቱን ጨምረው እንደ አንድ ጥቅል ያዘጋጁታል። ይህ ጥቅል ዲስትሪቡሽን፣ በአጭሩ ዲስትሮ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኡቡንቱና በ2006 የተጀመረው ሊኑክስ ሚንት ለጀማሪ የሚመቹ ተብለው ሲታወቁ፣ በ2002 የወጣው አርችና የዚያው ዘመን ጄንቱ ደግሞ ለላቀ ተጠቃሚ የተዘጋጁ ተብለው ይመደባሉ፤ ዴቢያንና ፌዶራ በሁለቱ መካከል ይቀመጣሉ። ይህ አመዳደብ ግን የእውቀት ማዕረግ አይደለም። ሁለቱን ወገኖች የሚለየው የመምረጡን፣ የማስተካከሉንና የመጠገኑን ሥራ አዘጋጁ ይሸከመዋል ወይስ ተጠቃሚው የሚለው ነው፤ ከዚህ በታች የሚታዩት የተሳሳቱ እምነቶችም በአብዛኛው ይህን ካለማስተዋል የመጡ ናቸው።

ተረት 1፦ ለጀማሪ የተባለው ዲስትሮ ጎዶሎ ነው፤ ኃይሉ ያለው በከባዱ ዲስትሮ ነው።

እውነታው፦ ሚንትም ሆነ አርች የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ከርነል ነው፤ ፋየርፎክስ፣ ሊብሬኦፊስና ቪኤልሲ በሁለቱም ላይ ያው ናቸው። ሚንት ሲጫን ቋንቋውን፣ ሰዓቱንና የይለፍ ቃሉን ጠይቆ ሌላውን በአብዛኛው ራሱ ያዘጋጃል። አርች ግን በጥንቱ አጫጫኑ ዲስኩን መከፋፈሉን፣ ዴስክቶፑን መምረጡን፣ የኔትወርክ አገልግሎቱን ማስነሣቱንና ማስነሻውን መትከሉን ለተጠቃሚው ይተወዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከመጫኛው ጋር የሚመጣው አርችኢንስቶል የተባለ አጋዥ ይህን ሥራ ቢያቀልም፣ ከተጫነ በኋላ የሚመጣው የጥገና ኃላፊነት አሁንም ከተጠቃሚው ትከሻ አይወርድም። የከርነሉ ፈጣሪ ቶርቫልድስ ራሱ ለዕለት ሥራው በቀላሉ የሚጫነውን ፌዶራን እንደሚጠቀም በተለያዩ ቃለ መጠይቆች ተናግሯል። በከርነሉ ላይ ለመሥራት ጊዜውን ማትረፍ የሚፈልግ ባለሙያ ቀላሉን ከመረጠ፣ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው በቀላል ዲስትሮ የሚያፍርበት ምክንያት አይኖርም።

ተረት 2፦ ኮምፒውተር የሚማር ወጣት ካሊን ወይም አርችን መጫን አለበት።

እውነታው፦ ካሊ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኔትወርክና የኮምፒውተር ደኅንነትን ለሚፈትሹ ባለሙያዎች ሲሆን፣ የአዘጋጆቹ መመሪያ ራሱ ሊኑክስን ለማያውቅና ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚሆን ዴስክቶፕ ለሚፈልግ ሰው እንደማይመከር በግልጽ ያስቀምጣል። ጉብሬ በሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠና ተማሪ የሚያስፈልጉት የተርሚናል ትዕዛዞች፣ ማለትም በመዳፊት ፋንታ በጽሑፍ የሚሰጡት ትዕዛዞች፣ በኡቡንቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ይገኛሉ። የፓይተን፣ የሲና የጃቫ መሣሪያዎችም እንዲሁ። ከባዱን ዲስትሮ ማወቅ የሚሻ ተማሪ በቨርቹዋልቦክስ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚፈጥር ሶፍትዌር፣ አርችን ደጋግሞ ጭኖ ደጋግሞ ማበላሸት ይችላል። በዚህ መንገድ የመመረቂያ ጽሑፉ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ሳይነካ ትምህርቱ ይገኛል፤ የአርች ትልቁ ትሩፋት የሆነው ሰፊ የዊኪ መመሪያም ለየትኛውም ዲስትሮ ተጠቃሚ ጠቃሚ ነው።

ተረት 3፦ ሁልጊዜ አዲስ የሆነው ዲስትሮ ይሻላል።

እውነታው፦ ዲስትሮዎች በማሻሻያ አሰጣጣቸው በሁለት ይከፈላሉ። ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ የሚያወጣው የረጅም ጊዜ ዕትም 5 ዓመት ድጋፍ ሲኖረው፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሶፍትዌሮቹ ዋና ዕትም ባለበት ቆይቶ በዋነኛነት የደኅንነት ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ኡቡንቱ 24.04 ላይ የተመሠረተው ሚንት 22ም ድጋፉ እስከ 2029 ይዘልቃል። አርች ግን ዕትም የለውም፤ እያንዳንዱ ሶፍትዌር አዲስ በወጣ ቁጥር ይለወጣል።

ይህ ልዩነት በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው በቀጥታ ገንዘብ ነው። አርች ከፊል ማሻሻያን አይደግፍም፤ በሌላ አነጋገር አንድ አነስተኛ ሶፍትዌር ለመጨመር የሶፍትዌር ዝርዝሩን ያደሰ ሰው መላውን ሲስተም አብሮ ማሻሻል ይጠበቅበታል፤ ወራት አሳልፎ የመጣ ተጠቃሚም ጊጋባይቶችን ሊያወርድ ይችላል። በሚንት ወይም በዴቢያን ላይ ግን የተፈለገውን ሶፍትዌር ብቻ ጨምሮ፣ የቀረውን ማሻሻያ የነፃ ዋይፋይ ወይም የርካሽ ፓኬጅ ሰዓት እስኪገኝ ማቆየት ይቻላል። የመብራት መቆራረጥም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ባትሪ የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከርነሉን በማሻሻል ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ፣ ሲስተሙ አልነሣም ሊል ይችላል፤ በዚህ ጊዜ በመጫኛ ፍላሽ አስነሥቶ በተርሚናል መጠገን ያስፈልጋል። አደጋው በማንኛውም ዲስትሮ ላይ አለ፤ ነገር ግን ከርነሉ ቶሎ ቶሎ በሚለወጥበት ዲስትሮ አደጋው የሚያጋጥምበት ዕድል ይበዛል። ሚንት ደግሞ ታይምሺፍት የተባለውን፣ ሲስተሙን ወደ ቀድሞ ይዞታው የሚመልስ መሣሪያ አብሮ ያቀርባል።

አዲስ መሆን ከደኅንነት ጋርም አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ኤክስዚ በተባለው የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር፣ ማለትም ስውር መግቢያ፣ ማግኘቱን ይፋ ሲያደርግ፣ የተበከለው ዕትም ደርሶ የነበረው በዴቢያን የሙከራ ክፍሎች፣ በፌዶራ የሙከራ ዕትሞች፣ በአርችና በመሳሰሉት ፈጥነው በሚታደሱት ዘንድ ነበር። አርች ላይ ጥቃቱ የሚሠራበት መንገድ ባይሟላም የተበከለው ዕትም ግን ገብቶ ነበር፤ የተረጋጋው ዴቢያንና የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ዕትሞች ግን አልተነኩም።

ተረት 4፦ ሊኑክስ ማንኛውንም አሮጌ ኮምፒውተር አዲስ ያደርጋል።

እውነታው፦ ሊኑክስ የብዙ ኮምፒውተሮችን ዕድሜ ያራዝማል፤ ሆኖም ወሰን አለው። ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰሮችን አርች እ.ኤ.አ. በ2017 ተሰናብቷል፤ ሚንት ዋና ዕትሙን ከ20ኛው ጀምሮ ለ64 ቢት ብቻ ያዘጋጃል፤ በ2025 የወጣው ዴቢያን 13ም ለ32 ቢት ኮምፒውተሮች መጫኛ ማውጣት አቁሟል። ፍጥነትን በተመለከተ ከዲስትሮው ስም ይልቅ የዴስክቶፑ ዓይነት ይበልጥ ይወስናል። ዴስክቶፕ ሲባል ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ የሚያየው የመስኮቶች፣ የሜኑና የምልክቶች ሥርዓት ሲሆን፣ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ከኡቡንቱው ግኖም ይቀላል። የሚንት አዘጋጆች ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይጠይቃሉ፤ ለምቾት ግን 4 ይመክራሉ። እንዲህ ባለ አነስተኛ ራም ኮምፒውተር ላይ አርችን መትከል ብዙም ትርፍ የለውም፤ ምክንያቱም በርካታ ገጾች የተከፈቱበት ብራውዘር በየትኛውም ዲስትሮ ላይ ራሙን ይጨርሰዋል። የአሮጌ ኮምፒውተር ባለቤት አቅሙ ከፈቀደ የቀድሞውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካቱ ከማንኛውም የዲስትሮ ለውጥ የበለጠ ፍጥነት ያስገኝለታል።

ተረት 5፦ ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም፤ ስለዚህ ከማንም ፍላሽ መጫን ይቻላል።

እውነታው፦ በጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመቱት ቫይረሶች የተጻፉት በአብዛኛው ለዊንዶውስ ስለሆነ በሊኑክስ ላይ አይሠሩም፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን የመጫኛው ፋይል ራሱ የተበከለ ከሆነ ጥበቃው ሁሉ ከመጀመሪያው ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው የማውረጃውን ማስፈንጠሪያ የጓሮ በር ወደ ተቀበረበት ፋይል አዙረውት ነበር። ከዚህ ለመጠበቅ የሚረዳው ሻ256 የተባለው የፋይሉ የጣት አሻራ ነው፤ ይህም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚገኝ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ሲሆን፣ በወረደው ፋይል ላይ ተሰልቶ አዘጋጁ ካወጣው ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጣል። በወልቂጤ አንድ ሰው አውርዶ ለ10 ጓደኞቹ ቢያካፍል የሁሉንም ዳታ ይቆጥባል፤ የጣት አሻራውን ማመሳከር ግን ጥቂት ኪሎባይት ብቻ የሚፈጅ ስለሆነ እያንዳንዱ ተቀባይ ሊያደርገው ይገባል።

ከባዱ ዲስትሮም ከዚህ ነፃ አይደለም። አርች ከዋናው ማከማቻ ውጪ ማንም ተጠቃሚ የሶፍትዌር መጫኛ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ኤዩአር የተባለ ክፍል አለው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የብራውዘር ማስተካከያ መስለው የገቡ ጎጂ ጥቅሎች በዚያው ተገኝተው ተወግደዋል። በዚህ ክፍል የሚገለገል ሰው የመጫኛውን ጽሑፍ አንብቦ የመረዳት ግዴታ አለበት።

ተረት 6፦ በሊኑክስ አማርኛና ጉራጊኛ መጻፍ አይቻልም።

እውነታው፦ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ጀምሮ ማንኛውም ዘመናዊ ዲስትሮ ፎንቱ እስካለው ድረስ አማርኛን ያሳያል። ዩኒኮድ የዓለምን ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የማይለወጥ ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለያ ነው። በኡቡንቱና በሚንት አይባስ የተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ኤም17ኤን ከሚባለው ማሟያው ጋር ሲጫን፣ ተጠቃሚው ቃሉን በድምፁ በላቲን ፊደላት ሲተይብ ጽሑፉ በግዕዝ ይወጣል፤ ሊብሬኦፊስም የአማርኛ ሜኑ አለው። በአርችም ይኸው ሁሉ ይሠራል፤ ልዩነቱ ፎንቱንም አይባሱንም ፈልጎ የሚያዋቅረው ተጠቃሚው መሆኑ ነው።

የጉራጌ ቋንቋዎች ጉዳይ ከዚህ ጥቂት ይረዝማል። እንደ ⷀ፣ ⷈ እና ⷘ ያሉት የሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያገለግሉ ተጨማሪ 28 ፊደላት ደግሞ በመስከረም 2021 በዩኒኮድ 14.0 ተካተዋል። ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ፎንት እነዚህን 28 ፊደላት ሊይዝ ስለማይችል በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይታያል። ይህን ያየ ሰው ዲስትሮው ጉራጊኛን አይችልም ቢልም መፍትሔው ዲስትሮ መቀየር አይደለም፤ ፊደላቱን የያዘ ፎንት አውርዶ በራሱ የፎንት ማህደር ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃዋል፤ ይህም በሚንትና በአርች በአንድ ዓይነት መንገድ ይሠራል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ደግሞ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ምልክቶች ክምር ሆነው ይታያሉ፤ እነሱን ወደ ዩኒኮድ ሳይቀይሩ ወደ ሊኑክስ መሻገር የጽሕፈት ቤቱን የዓመታት ሥራ ያስተጓጉላል።

ተረት 7፦ ሊኑክስ ከተጫነ ዊንዶውስ ከነአካቴው አያስፈልግም።

እውነታው፦ ይህ በሥራው ዓይነት ይወሰናል። በአገራችን የሒሳብ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ፒችትሪ በዊንዶውስ ላይ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው፤ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም እንዲሁ። የፎቶ ስቱዲዮዎች የሚገለገሉበት ፎቶሾፕም ለሊኑክስ አይዘጋጅም። እነዚህን የግድ የሚፈልግ ነጋዴ ዊንዶውሱን ሳያጠፋ ሊኑክስን ጎን ለጎን መጫን ወይም አንዱን ኮምፒውተር ለዚያ ሥራ ማስቀረት ይኖርበታል። ከባድ ዲስትሮ መምረጥ ይህን ክፍተት አይሞላም፤ ሶፍትዌሩን ለሊኑክስ ማዘጋጀት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የአመራረጥ ሥርዓት ቀላል ነው። ለጽሕፈት ቤት፣ ለትምህርት ቤትና ለቤተሰብ ኮምፒውተር ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ወይም የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ዕትም ይስማማል። ጥቂት ማዋቀር የማይከብደውና መረጋጋትን የሚያስቀድም ሰው ዴቢያንን፣ አዳዲስ ሶፍትዌር የሚሻና የማያቋርጥ ኢንተርኔት ያለው ባለሙያ ፌዶራን መያዝ ይችላል። አርች የሚመከረው ማሻሻያውን በየጊዜው ለሚከታተል፣ መመሪያ ለሚያነብና ሲስተሙ አልነሣም ሲል ሥራ ለማይቆምበት ሰው ነው። የትኛውም ቢመረጥ ሳይጫን በፊት ከፍላሽ ላይ በላይቭ፣ ማለትም ዲስኩን ሳይነካ፣ አስነሥቶ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ማየትና የቆዩ ፋይሎችን ሌላ ቦታ መገልበጥ ግዴታ ነው። ተጠቃሚው ከመወሰኑ በፊት ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ይህ ኮምፒውተር ነገ ጠዋት አልነሣም ቢል በከተማው ውስጥ ማን ይጠግነዋል ብሎ ነው፤ መልሱ “እኔው” ካልሆነ፣ የሚጠግንለት ሰው የሚያውቀው ዲስትሮ ለእሱ ትክክለኛው ነው።