ተጨማሪ መረጃ፦ ሃይፋና የኮሙኒኬሽን ጥናት
የእስራኤል የኮሙኒኬሽን ጥናት ከአሜሪካ የተቀዳ ትምህርት ነው የሚሉ አሉ፤ በመነሻው አልተሳሳቱም። የሶሲዮሎጂ ምሁራኑ ኤሊሁ ካትዝና ፖል ላዛርስፌልድ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት መጽሐፍ የመገናኛ ብዙኃን መልእክት ብዙውን ጊዜ በተደማጭ ግለሰቦች በኩል አልፎ ሌላው ዘንድ እንደሚደርስ አሳዩ፤ ካትዝም በ1960ዎቹ ትምህርቱን ኢየሩሳሌም ላይ ተከለው። ነገሩ መቅዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን እዚያው ባበቃ ነበር። የሃይፋ ዩኒቨርሲቲው ጋብርኤል ዋይማን በ1982 ባወጣው ጥናት በአንድ ኪቡትዝ (የእስራኤል የጋራ ኑሮ መንደር) ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ መረመረ፤ ወሬን ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው በማሻገር ረገድ መሀል ካሉት ተደማጮች ይልቅ ዳር ያሉት ሰዎች ልቀው ተገኙ። አንድ ኪቡትዝ ዓለምን ይወክላል ወይ ቢባል ተገቢ ጥያቄ ነው። ዳሩ ግን የ1955ቱ መጽሐፍም የተመሠረተው በአንዲት የኢሊኖይ ከተማ፣ በዲኬተር ሴቶች ላይ ነበር።