ነቀርሳ በገላችን ውስጥ ቤቱን እንዴት እንደሚሠራ

በደብረ ብርሃንም ኾነ በአንኮበር የድንጋይ ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋዩን ከምሮ ብቻ አይተወውም፤ በመካከሉ ጭቃ ያገባበታል። የሰውም ገላ አሠራሩ ይህንኑ ይመስላል። ገላችን ከደቃቅ ሕዋሳት የተሠራ ሲኾን፥ እነርሱን አያይዞና ደግፎ የሚይዝ የፕሮቲን ድርና ማግ በመካከላቸው ይገኛል። ከፕሮቲኖቹም በብዛት የሚገኘው ኮላጅን የተባለው ነው።

ካንሰር ወይም ነቀርሳ የምንለው በሽታ ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው ያለልክ ሲባዙ የሚመጣ ነው። ታዲያ በዕጢው ዙሪያ ያለውን ድርና ማግ የሚሠራው ማን ነው? ጤነኞቹ ጎረቤቶች ናቸውን ወይስ ነቀርሳው ራሱ? ይህን ለመለየት በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ሪቻርድ ሃይንስና ባልደረቦቻቸው የሰውን ነቀርሳ በአይጥ ገላ ውስጥ አሳድገው መረመሩ። የሰውና የአይጥ ፕሮቲን ጥቂት ልዩነት ስላለው፥ የሰው ኾኖ የተገኘው ከነቀርሳው፥ የአይጥ ኾኖ የተገኘው ከጎረቤቶቹ መምጣቱ ታወቀ። በ2004 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012) የታተመው ውጤት ኹለቱም ወገኖች እንደሚያዋጡ አስረዳ። ከኹለት ዓመት በኋላም፥ የጡት ነቀርሳ ሕዋሳት ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዳንዱን እንዳይሠሩ ሲከለከሉ፥ የበሽታው መዛመት ቀንሶ ታየ። እንግዲህ ነቀርሳ የሰው ቤት ገብቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ እንግዳ ሳይኾን፥ ግድግዳውን ለራሱ እንደሚመቸው የሚለውጥ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ይጠቅመናል ቢባል፥ በጡት ላይ የሚወጣ የነቀርሳ እብጠት ብዙ ጊዜ ጠጣር የሚኾንበት አንዱ ምክንያት የዚሁ ድርና ማግ መብዛትና መጥበቅ ነው። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት ነቀርሳዎች በብዛት የሚገኘው የጡት ነቀርሳ ሲኾን፥ እብጠቱ በመጀመሪያ ብዙውን ጊዜ አያምም። ስለዚህም ብዙ እናቶች «ካላመመኝ ምን አለብኝ» እያሉ ይዘገያሉ፤ ሌሎችም በሐፍረት ይሸሽጉታል። እብጠት ኹሉ ነቀርሳ አይደለም፤ ነገር ግን ለይቶ የሚያውቀው ናሙና ወስዶ የሚመረምር ሐኪም እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም። እብጠቱን በእሳት ማስተኮስም ኾነ ማስበጣት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፥ ይህን ለተማሪዎቻችሁ፥ በእነርሱም አማካይነት ለእናቶቻቸው እንድታስረዱልን አደራ እንላለን። አዲስ እብጠት ያገኘች ሴት ሳትውል ሳታድር በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ትሂድ። አባቶቻችን እንዳሉት፥ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።