በቍስለኛ ሰውነት ውስጥ ስላለው የስኳር ማኅተም

ደም የሕይወት ማደሪያ እንደ ሆነ መጻሕፍትን የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። በአንድ ሙሉ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም 5 ሊትር ያህል ነው፤ ከዚህም 2 ሊትር የሚያህለው በድንገት የፈሰሰ እንደ ሆነ ሰውየው ለሞት ይቃረባል። ነገር ግን ቍስለኛ የሚሞተው ደሙ ስላለቀ ብቻ አይደለም። ደሙ ቆሞ፥ የጐደለውም ተተክቶ፥ ዘመዶቹ «ተረፈልን» ካሉ በኋላ ልቡ ደክሞ፥ ኵላሊቱና ጉበቱም ሥራቸውን ትተው የሚሞት አለ። ይኸውም ደም ተቋርጦባቸው የቈዩት የሰውነት ክፍሎች አየር አጥተው ስለ ተጐዱ፥ ደሙም ተመልሶ በደረሳቸው ጊዜ የሰውነት መከላከያ ከልክ አልፎ የገዛ ሥጋውን ስለሚያቃጥል ነው። ሐኪሞችን እጅግ ያስቸገረው ይህ ሁለተኛው ሞት ነው።

በዚህ ነገር ተስፋ የሚሰጥ ጥናት የተገኘው ከስኳር መሆኑ ያስደንቃል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጄራልድ ሃርትና ካርመን ሮዛ ቶሬስ የተባሉ ሊቃውንት፥ በሕዋስ ውስጥ ባሉ ፕሮቲኖች ላይ የተለጠፈች አንዲት የስኳር ቅንጣት ማግኘታቸውን ገለጡ። እርስዋም ኦ ግሉክናክ ትባላለች። ሥራዋ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ከሚመታው ማኅተም ጋራ ይመሳሰላል፤ በተመታችበት ጊዜ የፕሮቲኑ ሥራ ይለወጣል፥ በተነሣችም ጊዜ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በሺሕ ለሚቈጠሩት ፕሮቲኖች አታሚው አንድ ኤንዛይም፥ አንሺውም አንድ ኤንዛይም ብቻ ነው፤ በዚህን ያህል ጥቂት ሹም የሚካሄድ አስተዳደር በሰው መንግሥት ዘንድ አይገኝም። በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳስረዳውም፥ ሕዋሳት ሙቀት ወይም ሌላ ጭንቅ ሲደርስባቸው ማኅተሙን ፈጥነው ያበዛሉ፤ ከዚህ የተከለከሉት ግን ጭንቁን መቋቋም ይሳናቸዋል።

ስለዚህ በበርሚንግሃም ከተማ ባለው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻታም፥ ሪቻርድ ማርቼስ፥ ኢርሻድ ቻውድሪና ባልደረቦቻቸው ነገሩን በአይጦች ፈተኑት። አይጦቹን አደንዝዘው ሆዳቸውን ሰነጠቁ፤ የደማቸውም ግፊት ከግማሽ በታች እስኪወርድ ድረስ ደማቸውን አፈሰሱ። በዚህ ሁኔታ ካቈዩአቸው በኋላ በደም ሥራቸው ጨው ያለበት ውሃ ሰጡአቸው፤ ለአንዳንዶቹም ማኅተሙ የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ፥ ግሉኮሳሚንን፥ ጨመሩላቸው። በ2006 ዓ.ም. እንደ ታተመው፥ ይህን ያገኙት አይጦች ልባቸው ከሌሎቹ ይልቅ በርትቶ ደም ረጨ፤ ወደ ኵላሊትና ወደ አንጐል የሚደርሰው ደም ጨመረ፤ የሰውነታቸውም መቃጠል ቀነሰ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ጥሬ ዕቃውን ትተው፥ ማኅተም አንሺውን ኤንዛይም የሚያግድ ፑግናክ የተባለ ነገር ሰጡ፤ የልቡም ብርታት እንደዚያው ሆነ። ልዩ ልዩ የሆኑ ሁለት መንገዶች ወደ አንድ ስፍራ ካደረሱ፥ ጥቅሙ የመጣው ከማኅተሙ ነው ለማለት ያስደፍራል። በ2010 ዓ.ም. የታተመው ጥናትም ማኅተሙ የበዛላቸው አይጦች እስከ 24 ሰዓት ድረስ በሕይወት በመቈየት ከሌሎቹ መብለጣቸውን ገለጠ።

ይሁን እንጂ አይጥ ሰው አይደለም። ግሉኮሳሚን ለመገጣጠሚያ ሕመም በመድኃኒት ቤት ስለሚሸጥ፥ ክኒኑን መዋጥ ቍስለኛን ያድናል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ በአይጦቹ ላይ የተፈተነው በደም ሥር የሚሰጠው ነው። ደግሞም ለጥቂት ሰዓት የሚጠቅመው ማኅተም ለዘወትር ሲበዛ ይጐዳል፤ በስኳር በሽታ ልብንና የደም ሥርን ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል።

በሰው ላይ የተፈተነውና የተረጋገጠው ሌላ ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው መድኃኒት ከ20,000 በሚበልጡ ቍስለኞች ተፈትኖ፥ ሞትን መቀነሱ በ2010 ዓ.ም. ታውቋል፤ ይኸውም ከቈሰሉ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ከዚያም በፊት ቍስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ይገባል። በበርሚንግሃሙ ፈተና እንኳ ስኳሩ ለአይጦቹ የተሰጠው ደማቸው መፍሰሱን ካቆመ በኋላ ነበር።