የልብና ሳንባ ማሽን፦ የደም አፈሳሰስ ስልቶች

የልብና ሳንባ ማሽን በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ የሁለቱን አካላት ሥራ ለሰዓታት ተክቶ የሚሠራ መሣሪያ ነው። እየመታ ያለና በደም የተሞላ ልብ ከፍቶ ቫልቭ መቀየር አይቻልም። ልቡ ቢቆም ደግሞ አንጎል ያለ ደም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይታገሥም። ማሽኑ የተፈለሰፈው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. በ1953 በፊላደልፊያ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣትን የልብ ቀዳዳ የደፈኑት በዚህ ዓይነት ማሽን ታግዘው ነበር።

በኢትዮጵያ ማሽኑን ከሚሹ ሕመምተኞች ብዙዎቹ ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ወጣቶች ናቸው። ሕመሙ በልጅነት ባልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ይጀምርና ከዓመታት በኋላ ቫልቮችን ያጠብባል ወይም ያላላል። አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል የተቋቋመው በዶክተር በላይ አበጋዝ በተመሠረተው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ጥረት ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደዚያ የሚላክ ሕመምተኛ የዓባይን በረሃ አቋርጦ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደም በቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን የተባለው መድኃኒት ይሰጣል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም በቱቦ ተወስዶ በማጠራቀሚያ ይከማቻል፤ ፓምፑ ወደ ኦክሲጅኔተር ይገፋዋል። እዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጥሎ ኦክሲጅን ይይዛል፣ ይቀዘቅዛል ወይም ይሞቃል፤ ከዚያም ተጣርቶ ወደ ዋናው ደም ወሳጅ ይገባል። ልቡ በፖታሲየም የበለጸገ ፈሳሽ ተሰጥቶት ጸጥ ይላል። ሥራው ሲያበቃ ፕሮታሚን የሄፓሪኑን ኃይል ያከሽፋል።

ደሙን የሚገፉት ፓምፖች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ሮለር ፓምፕ ነው። በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የታጠፈውን ቱቦ ሁለት ተሽከርካሪ ጥቅልሎች እየተጫኑት ይዞራሉ። የታረደ በግ አንጀት በሁለት ጣት ተይዞ ሲጠረግ በውስጡ ያለው ወደ ፊት እንደሚገፋ ሁሉ፣ ደሙም ከጥቅልሎቹ ፊት ይሄዳል። የሚፈሰው መጠን ከቱቦው ስፋትና ከዙሩ ብዛት ስለሚሰላ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቱቦውም ርካሽ ነው። ጉዳቱ ግን ፊቱ ያለውን ሳያይ መግፋቱ ነው፦ መውጫው ቢታጠፍ ግፊቱ ቱቦውን እስኪያፈነዳ ሊጨምር፣ ማጠራቀሚያው ባዶ ቢሆን አየር ወደ ሰውነት ሊልክ ይችላል። በጣም ሲጠብቅም ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰባብራል።

ሁለተኛው ሴንትሪፊውጋል ፓምፕ ነው። በማግኔት የሚዞር ክፍል ደሙን በደቂቃ በሺህዎች ጊዜ ያሽከረክረዋል። በማሰሮ ውስጥ የሚማሰል ውሃ መሃሉ ጎድጉዶ ወደ ዳር እንደሚገፋ፣ ደሙም ከመሃል ገብቶ በዳር ይወጣል። መውጫው ቢዘጋ ቱቦ አያፈነዳም፤ ብዙ አየር ሲገባበትም መግፋቱን ያቆማል። ነገር ግን ፍሰቱ በሕመምተኛው የደም ግፊት ስለሚለዋወጥ ሁልጊዜ የፍሰት መለኪያ ይሻል። ቱቦው ሳይቆለፍ ዙሩ ቢቀንስ ደም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው ክፍሉ ውድ ነው። በአጭር ቀዶ ሕክምና ከሮለር ያለው ልዩነት ትንሽ ሲሆን፣ ጥቅሙ የሚጎላው ሥራው ሲረዝም ነው።

ሌላው ንጽጽር የፍሰቱ ባሕርይ ነው። ልብ ደምን በምት ይልካል፤ ማሽኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያቋርጥ በእኩል ያፈሳል፣ ስለዚህ የሕመምተኛው የደም ሥር ሲዳሰስ ትርታ የለውም። የፓምፑን ፍጥነት በየቅጽበቱ ከፍና ዝቅ በማድረግ ትርታን መኮረጅ ይቻላል። ደጋፊዎቹ ይህ ስልት ጥቃቅን የደም ሥሮችን ክፍት አድርጎ ኩላሊትን ይጠብቃል ይላሉ። ሆኖም ኦክሲጅኔተሩና ወደ ሰውነት የሚገባው ጠባብ ቱቦ የምቱን ጉልበት ያዳክሙታል፤ የጥናቶቹም ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። ያልተቋረጠው ፍሰት በሰፊው የሚሠራበት ለዚህና ለቀላልነቱ ነው።

በየትኛውም ስልት ቁልፉ መጠኑ ነው። ለአዋቂ በመደበኛ ሙቀት በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽታ በደቂቃ ከ2.2 እስከ 2.4 ሊትር ይፈለጋል። ስለዚህ ገጽታው 1.5 ካሬ ሜትር የሆነ ሰው በደቂቃ እስከ 3.6 ሊትር ያስፈልገዋል። ሰውነት ሲቀዘቅዝ የኦክሲጅን ፍላጎቱ ስለሚቀንስ ፍሰቱንም መቀነስ ይቻላል። የማሽኑ ባለሙያ፣ ፐርፊውዥኒስቱ፣ የደም ግፊትን፣ ከሰውነት የሚመለሰውን ደም የኦክሲጅን ይዘትና የሽንት መጠንን እየተከታተለ ፍሰቱን ያስተካክላል። ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ፍሰቱ ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ ልቡ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ሲረከብ ፓምፑ ይቆማል።