ያውቁ ኖሯል? በብዙ መኪኖች የኋላ ፍሬን ፒስተን የሚመለሰው እየዞረ ነው

የፊት ፍሬን ሸራ ሲቀየር ፒስተኑ በሞርሳ ተጨምቆ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። የኋላው ግን እንደ ቮልስዋገን ጎልፍ 4 ባሉ ብዙ መኪኖች ላይ እየተጫኑ ካላዞሩት አይመለስም።

ምክንያቱ የእጅ ፍሬኑ ነው። ገመዱ በቀጥታ ካሊፐሩ ላይ ስለሚታሰር፣ ፒስተኑ ውስጥ ጥርስ የወጣለት ዘንግ አለ፤ ሸራው በሳሳ ቁጥር ፒስተኑን ወደፊት እያስጠጋ ክፍተቱን ይሞላል። በጉልበት ሲገፉት የሚጎዳው ይኸው ክፍል ነው፤ እሱ ከተበላሸ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙሉ ካሊፐር መግዛት ግድ ይሆናል።

የፒስተኑን ፊት ልብ ብለው ይዩት፤ ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አሉት። ልዩ መሣሪያ ባይኖርዎት የሹል ፒንሳ ጫፍ እዚያ ገብቶ ያዞረዋል። አብዛኛው በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ በአንዳንድ መኪኖች የአንዱ ጎን ተቃራኒ ነው። የአቧራ መከላከያው ጎማ አብሮ እንዳይጠማዘዝ ይጠንቀቁ። ከሸራው ጀርባ ጉጥ ካለ፣ ፒስተኑ ላይ ያለው ጎድጓዳ ከጉጡ ትይዩ መቆም አለበት።

ፒስተኑ ሲመለስ የፍሬን ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይወጣል፤ ከፈሰሰ ቀለም ይልጣል። እንደ ፕራዶ ባሉት ላይ የእጅ ፍሬኑ ሸራ ዲስኩ ውስጥ ለብቻው ስለሆነ ማዞር አያስፈልግም። የእጅ ፍሬኑ በቁልፍ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ከሆነ ግን ፒስተኑን ከመንካትዎ በፊት የእጅ ፍሬኑ ሞተር ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት። መኪናውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ።