የጣና ነጭ ዓሣ የሚራባው ሐይቅ በሌላቸው ወረዳዎች ነው

ክረምቱ በርትቶ ጉማራ ሲሞላ፣ በጣና ሐይቅ የሚኖረው ነጭ ዓሣ ወደ ወንዙ አፍ መሰብሰብ ይጀምራል። ከዚያም ጎርፉን ሽቅብ እየገፋ በፎገራና በደራ ወረዳዎች አድርጎ እንቁላሉን ወደሚጥልባቸው ትናንሽ ገባር ወንዞች ያልፋል። አጥማጁም ጊዜውን ጠንቅቆ ያውቀዋልና ቀድሞ መረቡን በወንዙ አፍ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። የዓሣ ሀብት ተመራማሪዎች ከሃያ ዓመታት በላይ ለአመራሩም ለአጥማጁም ሲያስረዱት የቆዩት ጉዳይ፣ በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው።

ገበያው «ነጭ ዓሣ» ብሎ በአንድ ስም ይጥራው እንጂ፣ ዓሣው አንድ ዓይነት አይደለም። ጀርመናዊው ተጓዥና ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከጣና በሰበሰባቸው ናሙናዎች ላይ የተለያዩ ዝርያዎችን መዝግቦ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ በመልክ ብቻ የሚለያዩ የአንድ ዝርያ አባላት አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኔዘርላንድ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የዓሦቹን አፍ፣ ጭንቅላትና አመጋገብ በዝርዝር ለክተው 15 ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። ተመራማሪዎች ላቤዮባርበስ የሚሏቸው እነዚህ ናቸው።

ከ15ቱ ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ መሆናቸው ባለሙያዎቹን ይበልጥ አስገርሟል። ይህ የዓሣ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ በሌላው ዓለምም ዓሣ አዳኝ የሆነው ጥቂት ነው። በጣና ግን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ የሚመጡ ዓሦችን ስላገዳቸው፣ በሐይቁ ውስጥ የቀረው ዓሣ ያለ ተፎካካሪ በየአቅጣጫው ተለያይቶ አደገ። ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ስብስብ የነበረው በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበር። በዚያ ሐይቅና በመውጫ ወንዙ ብቻ ይገኙ የነበሩ 15 ዝርያዎች ከምድር ገጽ መጥፋታቸውን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. አስታውቋል። ላናኦን የጎዱት ከሌላ ቦታ የገቡ አዳኝ ዓሦችና ከልክ ያለፈ ማጥመድ ናቸው። ጣናን የገጠመው ግን የተለየ ነው።

ችግሩን ለመረዳት የዓሣውን አረባብ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀረሶ በሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ ይራባል፤ ፈጥኖም ያድጋል። ስለዚህ ብዙ ቢጠመድም ቶሎ ይተካል። ከነጭ ዓሦቹ መካከል ግን ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ለመራባት የግድ ወደ ወንዝ መውጣት አለባቸው። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር በተነጠፈበት፣ ጥርት ብሎ በሚፈስና በቂ አየር ባለው ውኃ ነው። ደለል የጠጠሩን ክፍተት ከሞላው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ለመራባት ደርሰው ወደ ወንዝ ለመውጣትም ዓመታትን ይወስድባቸዋል። ጫጩቶቹ ዝናቡ ሲቀንስ ከውኃው ጋር ቁልቁል ወርደው በሐይቁ ዳርቻ ሣርና ደንገል ውስጥ ያድጋሉ።

እንግዲህ በወንዙ አፍ ላይ በነሐሴና በመስከረም የሚዘረጋ መረብ የሚይዘው፣ ከመላው ሐይቅ ተሰባስቦ የመጣውን፣ ሆዱ እንቁላል የተሸከመውን፣ ገና ያልወለደውን ዓሣ ነው። በዚያው ቀን በሐይቁ መካከል የተዘረጋ መረብ ይህን ያህል ጉዳት አያደርስም። ባለሙያዎቹ ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ ያላሉትም ለዚህ ነው። የሚጠይቁት የወንዞቹ አፍና የመራቢያ ገባሮቹ በመራቢያው ወቅት ብቻ ከመረብ ነጻ እንዲሆኑ ነው።

ምክራቸው በግምት ላይ የቆመ አይደለም። በጣና ዓሣ ማጥመድ ከደንገል ታንኳ ወደ ሞተር ጀልባና ረጃጅም መረብ የተሸጋገረው እ.ኤ.አ. ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ማርቲን ዴ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የተወሰዱ ናሙናዎችን አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. አሳትመዋል። በናሙናቸው የተገኘው የነጭ ዓሣ መጠን ሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ነበር። የጫጩቶቹ ቁጥር ደግሞ ከዚያም በባሰ ሁኔታ አሽቆልቁሎ ተገኘ። ትልቁ ዓሣ ብቻ ቀንሶ ቢሆን ኖሮ ጥቂት እረፍት ይመልሰዋል ማለት ይቻል ነበር። ጫጩቱ ሲጠፋ ግን ወላጆቹ ሳይራቡ እያለቁ መሆኑን ያሳያል። ከዚያ በኋላ ዋሴ አንተነህ፣ አበበ ጌታሁንና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በመገጭና በድርማ ወንዞችም ተመሳሳይ ጉዞ መኖሩን አጥንተው፣ ጥበቃው በጉማራ ብቻ ሊወሰን እንደማይገባ አመልክተዋል።

ጉዳዩ የዓሣ አጥማጆች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ጉማራ ግን ከጉና ተራራ ሥር ተነሥቶ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በደራና በፎገራ በኩል የሚያልፍ ወንዝ ነው። ፋርጣና እስቴ የሐይቅ ዳርቻ የላቸውም፤ በዕቅዳቸው ውስጥ «የጣና ዓሣ» የሚል ርዕስ ቢታጣ የሚገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ከተዳፋት ማሳ ታጥቦ የሚወርደው አፈር፣ ጠጠሩን የሚሞላው ደለል የሚነሣው ከላይ ነው። በእነዚህ ወረዳዎች የሚሠራ እያንዳንዱ እርከን፣ ለአርሶ አደሩ ማሳ ከሚሰጠው ጥቅም ባሻገር የዓሣ መራቢያውንም ይጠብቃል። የተፋሰስ ልማት ሪፖርቶች የተሠራውን እርከን በኪሎ ሜትርና በሄክታር ይቆጥራሉ፤ ታች ያለው ጠጠር መጥራቱን የሚጠይቅ ዓምድ ቢጨመርባቸው መልካም ነበር።

በገባሮቹ ላይ ሌላም ልማድ አለ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ ለመልቀምም ይቀላል። መርዙ ግን ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ለወጥ የማይሆነው ጫጩትም አብሮ ያልቃል። አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ሲጫን ደግሞ እንቁላሉ የሚያርፍበት ንጣፍ ራሱ በመኪና ይሄዳል። ለሥራ አጥ ወጣቶች የአሸዋ ማውጫ ቦታ የሚሰጥ ጽሕፈት ቤት፣ የትኛው የወንዝ ክፍል መራቢያ እንደሆነ አስቀድሞ ከዓሣ ባለሙያው ጋር ቢነጋገር ወጣቶቹም ሥራ አያጡም፤ ዓሣውም ቦታ አያጣም።

መስኖው ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ነው። የውኃ መሳቢያ ሞተሮች በበጋ ወንዙን ሲያደርቁት በኩሬ የቀሩ ጫጩቶች ወደ ሐይቁ መውረጃ ያጣሉ። በርብ ወንዝ ላይ እንደተሠራው ያለ ግድብም ሽቅብ የሚወጣውን ዓሣ መንገድ ይዘጋል፤ የውኃውን መጠንና ወቅት ይለውጣል። ተመራማሪዎቹ መስኖ ይቅር አላሉም። ከግድቡ በታች ለዓሣው የሚበቃ ውኃ በክረምትና በመኸር እንዲለቀቅ፣ ወደፊት የሚታቀዱ ግድቦችም ንድፋቸው ሳያልቅ የዓሣው ጉዞ እንዲታሰብበት ነው የሚመክሩት። ግድብ ከተሠራ በኋላ ለዓሣ መንገድ ማበጀት እጅግ ውድ መሆኑ ግልጽ ነው።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። የጎደለው ተቆጣጣሪው ነው። በወረዳ ደረጃ ያለው የዓሣ ባለሙያ ጀልባና ነዳጅ ከሌለው፣ በሌሊት የተዘረጋን መረብ ከቢሮው ሆኖ ሊያየው አይችልም። በአንዱ ወረዳ የተከለከለው አጥማጅ ወንዙን ተሻግሮ በሌላው ወረዳ ዳርቻ የሚዘረጋ ከሆነም ክልከላው ትርጉም የለውም። ደራና ፎገራ በአንድ ቀን ከፍተው በአንድ ቀን ካልዘጉት በቀር የጉማራ አፍ ተዘግቷል አይባልም።

የአጥማጁም ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። በማኅበር ከተደራጁት መካከል መሬት የሌላቸው ወጣቶች አሉ። የመራቢያው ወቅት ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል፤ በጾም ዓሣ የሚበሉ ደንበኞች ስላሉ ገበያው አይቀዘቅዝም። በዚህ ጊዜ መረብህን ሰብስብ የሚባል ሰው፣ ሌላው ሰብስቦ ካላየ አይሰበስብም። ቀረሶ በሌላው የሐይቁ ክፍል ማጥመድ መቀጠሉ ጫናውን ያቀልለታል፤ ሆኖም ከወንዙ አፍ የሚገኘውን ያህል በአንድ ሌሊት አያስገኝም። ልዩነቱን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ ለባዮሎጂ ባለሙያ የሚቀርብ አይደለም፤ በጀት ለያዘው አካል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በጣና የታየው እንቦጭ የብዙውን ሰው ትኩረት ስቧል፤ መሳቡም ተገቢ ነው። ጫጩቶቹ የሚያድጉበትን የሐይቅ ዳርቻ የሚሸፍነው እሱ ነውና። እንቦጭ ግን ከሩቅ ይታያል፤ ለዘመቻም ይመቻል። በወንዝ አፍ በሌሊት ተዘርግቶ ከመንጋቱ በፊት የሚነሣውን መረብ የሚያየው ጥቂት ሰው ብቻ ነው። እሱን ለማስቆም ደግሞ የሺዎች ዘመቻ አያስፈልግም፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በድርማ፣ በገልዳ፣ በአርኖ ጋርኖና በግልገል ዓባይ አፎች ላይ የሚቆሙ ጥቂት ጠባቂዎችና በወንዙ ግራና ቀኝ ያሉ ቀበሌዎች አንድ ላይ የፈረሙት ውሳኔ ይበቃዋል።